ንድፍ፣ ከአሥር

ሰኞ፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፣ አራተኛ «ለ»።
ሃምሳ ስምንት ልጅ፣ አንድ መቀስ አለ፤
እሱም ከቢሮ
በፊርማ የወጣ፣ የሚመለስ ተቆጥሮ።

መምሪያው «ሙጫ» ይላል፣ «ካርቶን» ይላል፣ «ቀለም»፤
እኛ ዘንድ የለም።
የዋንዛ ፍሬ አለ፣ ከጣት ጋር የሚጣበቅ፤ የቆርኪ ክምር አለ፤
ከሐይቁ ተጎትቶ ፀሐይ ላይ የዋለ
የእንቦጭ ግንድ አለ።
ደግሞም ጣና ራሱ፣ መስታወት በሌለው መስኮት ገብቶ፣
ከጠመኔ ጽሑፌ በላይ ብርሃኑን ዘርግቶ።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦
«አንደኛ፣ አስብ። ሁለተኛ፣ ንደፍ። ሦስተኛ፣ ሥራ።
አራተኛ፣ ሞክር። አምስተኛ፣ ከሰመጠ አትፍራ።»
(አምስተኛው መምሪያው ውስጥ የለም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት፣
የአባቴን ሰዓት ፈትቼ መግጠም አቅቶኝ ለተገረፍኩት።)

ሥራው ጀልባ፤
ቆርኪ የሚጭን፣ ውኃ የማያስገባ።

መቀሷን የጠበቀ ጠበቀ፤ ያልጠበቀ በጥርሱ፤
ዋንዛው ከወረቀት ይልቅ ያዘ ከልብሱ።
ዓይናዲስ አራት ሃይላንድ በጎማ ጠፈረች፣
ገና ውኃ ሳይነካት «መቶ ትጭናለች» ብላ ተናገረች።
ልየው እንቦጩን ሸርቦ አልጋ አስመሰለ፤
«ሐይቁን ሲበላ ከርሟል፣ ይሸከም እንግዲህ!» አለ።

በድሩ ግን የሰጠሁትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው።
«ንድፉስ?»
«ኋላ» አለኝ፣ ደንገሉን በጥርሱ ይዞ እየጎተተው።
አባቱ ዓባይ ማዶ ታንኳ ይጠፍራል፤
የልጁም ጣት ሳያይ ያስራል።
«ኋላ አይባልም» አልኩት፣ ድምፄን ቆጣ አድርጌ፣
«መጀመሪያ ንድፍ ነው ሕጌ።»
መዝገቡን ገለጥኩ። ንድፍ፣ ከአሥር፦ ዜሮ።
ሃምሳ ሰባት አንገት ወደሱ ዞሮ።

ከሰዓት ወደ ውኃው ወረድን፣ በሰልፍ፣ በባጃጅ መካከል፤
ዘበኛው ጋሽ ዘገየ ጉማሬ ሊከለክል
በአንድ ዱላ ከፊት ከፊት።

የልየው አልጋ በሃያ ቆርኪ አንድ ጎኑ ወረደ፤
«እንቦጭ ድሮም ከዳተኛ!» ብሎ ሳቀ፣ ግን ጆሮው ነደደ።
የዓይናዲስ ጀልባ ጫነች፣ ጫነች፤ ቆርኪ አልቆ ጠጠር ተጨመረ፤
ከዘጌ በኩል ነፋስ መጣና የለቀምነው ሁሉ ተቀበረ።

የበድሩ ታንኳ ሠላሳ ስድስት ያዘች። ብዙ አይባልም።
ማዕበሉ ሲመጣ አፍንጫዋን አነሣች፤ አልተገለበጠችም።
ቀስ እያለች ከበደች፣ ዝቅ አለች፤
«ጠጥታ ነው» አለ፣ «ከተሰጣች ትድናለች።»

ከዚያ ያጠፈውን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣
ከዓይናዲስ ለምኖ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣
መሣል ጀመረ። ታንኳ አልሣለም። ውኃ ሣለ፣
ጭረት በጭረት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እያከታተለ፤
ወረቀቱ በቀለም ብዛት ሊቀደድ ደረሰ።
መሐል ላይ አንዲት ነጭ ቦታ ተረፈች፣
ሁለት ጫፏ የሾለ፣ ወገቧ ሰፋ ያለች፣
እስክሪብቶ ያልነካት።
«እሷንስ?» አልኩት።
እስክሪብቶውን ለባለቤቷ እየመለሰ፣
«አባየ ውኃውን እይ ነው የሚለኝ» አለና አፍንጫውን አበሰ።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ብርሃን
ሃምሳ ስምንት ወረቀት ሳርም፣ እጄ ላይ ስትደርስ ያቺ የሱ፣
መዝገቡን ደግሜ ገለጥኩ፤ ዜሮዬ እዚያው ናት፣ ከነሞገሱ።
ርእሰ መምህሯ ስርዝ ድልዝ አይወዱም።
ብዙ ቆየሁ እያየኋት፦
ዙሪያዋ ሰማያዊ፣ መሐሏ ነጭ፣
ትንሽ ወደ ጎን ያዘመመች።
ከፊቷ አንድ ጨመርኩላት።

መቀሱን፣ ተቆጥሮ፣ በፊርማ መልሻለሁ።
የፊታችን ሰኞ መምሪያው «ድልድይ» ይላል፤
ቅዳሜ ከዓባይ ድልድይ ሥር ወርጄ
ውኃውን አያለሁ።